ማርሚታው ይባረክ

ናይሮቢ፣ ኢምባካሲ ሰፈር ውስጥ የራሊ ወቅት መቃረቡን ለማወቅ ጋዜጣ መግዛት አያስፈልግም። የዓለም ራሊ ሻምፒዮና ጥር ላይ ሞንቴ ካርሎ ይከፈታል፤ የኬንያው ሳፋሪ ደግሞ ከ2024 ወዲህ መጋቢት ላይ ናይቫሻ ይካሄዳል (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በሁለቱ መካከል ያሉትን ሳምንታት ከፓይፕላይን እስከ ኡታዋላ፣ ከፌዳ እስከ ዶንሆልም የሚኖር ሰው በጆሮው ይቆጥራቸዋል። እኩለ ሌሊት ሲያልፍ ሰማያዊ ሱባሩ ይመጣል። ቸርኬው ወርቅማ ነው፤ የኋላ መስታወቱ ላይ የራሊ ተለጣፊ አለ፤ የፋብሪካው ማርሚታ ወልቆ በቦታው የቡና ምጣድ የሚያህል አፍ ያለው ቱቦ ተበይዶበታል። ነጂው ፍሪሲዮን ረግጦ ነዳጅ ሲሰጥ ሞተሩ ያጓራል፤ እግሩን ሲያነሳ ቱቦው ይንጣጣል። ወዲያው ደግሞ ይደግመዋል፤ ምናልባት ከስምንተኛ ፎቅ ያልሰማ ቢኖር ብሎ ነው። ለዚህ ሁሉ ልፋት እስካሁን ደህና ምስጋና ያቀረበ ሰው አላየሁም። እኔ ላቅርብ።

ውለታው ብዙ ነው። ሕፃናት ጡት ሳይጥሉ ሁለተኛ ማርሽን ከሦስተኛ በድምፅ ይለያሉ። የግቢ ዘበኛ አያሸልብም። በሰፈሩ የቆሙ መኪኖች የማንቂያ ደወላቸው በየሌሊቱ በነፃ ይፈተሻል። የእንቅልፍ ኪኒን የሚሸጠው ፋርማሲ ቅርንጫፍ ሊከፍት ነው። በአንድ ደረጃ እየወጡና እየወረዱ ሰላምታ የማይለዋወጡ የፓይፕላይን ተከራዮች ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ በየበረንዳው ወጥተው በአንድ ልብ ይራገማሉ፤ ይህን ያህል አንድነት ያመጣ ዕድርም ሆነ ማኅበር አላውቅም።

ትልቁ ውለታ ግን ታሪክን ከመጥፋት ማዳኑ ነው። ሳፋሪ በ1953 የንግሥት ኤልሳቤጥን የዘውድ በዓል ምክንያት አድርጎ ከተጀመረበት ጊዜ አንስቶ እስከ 2002 ድረስ የሚሮጠው ለሕዝብ ክፍት በሆነ መንገድ ላይ ነበር። ላሙም፣ ጭነት መኪናውም፣ ብስክሌተኛውም፣ ገበያተኛውም እዚያው ነው ያለው። ስለዚህ አቅም ያላቸው ቡድኖች ከመኪናቸው ፊት ፊት ሄሊኮፕተር ያስበርሩ ነበር፤ ከላይ የተቀመጠው ሰው መንገዱን እያየ «ከፊትህ ከብት አለ» ብሎ በሬዲዮ ይናገራል። ውድድሩ በ2021 ወደ ዓለም ሻምፒዮና የተመለሰው ይህ ሁሉ ቀርቶ ነው። ዛሬ ኬዶንግ፣ ሶይሳምቡ፣ ሄልስ ጌት የሚባሉት የውድድር ክፍሎች መኪና ከመግባቱ በፊት ይዘጋሉ። ክፍቱን መንገድ የሙጥኝ ብሎ የቀረው እውነተኛ የሳፋሪ ሰው እንግዲህ የኢምባካሲው ልጅ ብቻ ነው። የጎደለው ሄሊኮፕተሩ ነው።

እና ለምን አይሰጠውም? ለእያንዳንዱ ሱባሩ አንድ። በእርግጥ ኢምባካሲ ያለው የጆሞ ኬንያታ አውሮፕላን ማረፊያ አፍንጫ ሥር ነው፤ እንዲያውም ማረፊያው በ1958 ሲከፈት የተጠራው በዚሁ ሰፈር ስም ነበር። ይህ ግን በመግባባት የሚፈታ ነው። የበረራ ተቆጣጣሪው ከቦሌ የመጣውን አውሮፕላን «ይቅርታ ካፒቴን፣ ማረፍ አይቻልም፤ ልጁ ዶንሆልም ላይ አራተኛ አስገብቷል» ይለዋል። ካፒቴኑ አቲ ሪቨር ላይ ይዞራል። አስተናጋጆቹ ለመንገደኛው ሁለተኛ ቡና ያቀርባሉ፤ ልጁ ደግሞ ዙሩን ከወደደው አቦልም ቶናም አልፎ በረካ ላይ ይደረሳል። ወደ አውሮፓ የሚሄደው የናይቫሻ ጽጌረዳ፣ የናይቫሻ ራሊ ደጋፊ እስኪያልፍለት ድረስ ሳጥኑ ውስጥ ይጠወልጋል። መሬት ላይ ደግሞ ሥራው ይበልጥ ይደራጃል። ከላይ ያለው ተመልካች ሱባሩውን በራሊ ቋንቋ ይመራዋል፦ «ግራ አራት፣ ረጅም፣ ጉድጓድ አለ፣ አትቁረጥ፤ ሃምሳ ሜትር፣ በቆሎ ጠባሽ፤ ቀኝ ሦስት በቦዳቦዳ ሞተር ላይ፤ ተጠንቀቅ፣ ተማሪዎች።» ተመልካቹ እንዳይሳሳት ነዋሪው በቀለም ይመዘገባል። ከፋብሪካ የሌሊት ፈረቃ የሚወጣ ብርቱካናማ ይለብሳል፤ አትክልት ሻጭ ቢጫ፤ ነፍሰ ጡር ሁለት ቀለም። ከቀለሙ ውጭ መንገድ የተሻገረ በራሱ ኃላፊነት ነው። ለምዝገባው ጽሕፈት ቤት ይከፈታል፤ ለጽሕፈት ቤቱ ሥራ አስኪያጅ ይሾማል፤ ሥራ አስኪያጁ መኪና ይመደብለታል፤ መኪናው ሱባሩ ይሆናል፤ ለእሱም ሄሊኮፕተር ይጠየቃል። የመድን ድርጅቶች በውላቸው ላይ አንድ አንቀጽ ይጨምራሉ፦ «ላም፣ ወይም እንደ ላም የሚቆጠር እግረኛ»። የላሙ ካሣ ግን ከፍ ይላል፤ ላሟ ባለቤት አላት።

ኬንያ ውስጥ በመንገድ ከሚሞቱት መካከል ትልቁን ድርሻ የሚይዘው እግረኛ ነው። መኪና ገዝቶ የማያውቅ ሰው፣ መኪና ያለው ሰው ሲጫወት ይሞታል። ይህ ድፍረት አይደለም፤ ብልግና ነው።

ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። ደጋፊ ጀግናውን ቢመስል ምን ነውር አለው ይባል ይሆናል። ነውር የለውም፤ ግን ማንን ነው የሚመስለው? ሰማያዊው ቀለምና ወርቃማው ቸርኬ በ1995 በሱባሩ የዓለም ሻምፒዮን ከሆነው ከኮሊን ማክሬ ዘመን የተወረሰ ነው። ማክሬ ሳፋሪንም በ1997 በዚሁ በሱባሩ ኢምፕሬዛ፣ በ1999 እና በ2002 በፎርድ አሸንፏል። ሱባሩ ግን በ2008 መጨረሻ ላይ ከዓለም ራሊ ወጥቷል። ሳፋሪ ከተመለሰበት ከ2021 እስከ 2025 ድረስ ናይቫሻ ላይ ያሸነፈው በየዓመቱ ቶዮታ ያሪስ ነው፤ ኦዢዬ፣ ሮቫንፔራና ኤቫንስ እየተቀያየሩ ነዱት። ያሪስ ደግሞ ማን ነው? አዲስ አበባ ላይ በየቀይ መብራቱ ተደርድሮ የምናየው፣ ጃፓን ቪትዝ ብላ የሸጠችው መኪና የሥጋ ዘመድ ነው። ስለዚህ ሻምፒዮኑን መምሰል የሚፈልግ የኢምባካሲ ወጣት መንገዱ ክፍት ነው፦ ሱባሩውን ሽጦ፣ ቪትዝ ገዝቶ፣ የቀረውን ገንዘብ ለእናቱ ይስጥ። ይህን ምክር የተቀበለ አልሰማሁም፤ ቪትዝ እንደልብ አያጓራማ።

ከመኪናው ይልቅ ግን ነገሩን የሚያጋልጠው የአነዳድ ሕጉ ነው። ራሊ ሁለት ዓይነት መንገድ አለው። አንደኛው ተዘግቶ በሰዓት የሚሮጥበት የውድድር ክፍል ነው። ሁለተኛው ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው የሚኬድበት ተራ መንገድ ነው፤ እዚያ ላይ የራሊ መኪና ታርጋውን ለጥፎ ማታቱ ከሚባለው ሚኒባስ ታክሲና ከጭነት መኪና ጋር እየተጋፋ፣ ለዜብራ እየቆመ፣ የአገሩን የፍጥነት ወሰን አክብሮ ይሄዳል። ወሰኑን ያለፈ ሾፌር የዓለም ሻምፒዮንም ቢሆን ይቀጣል። ከ2022 እስከ 2024 በነበረው የቅይጥ ሞተር ዘመንማ በተወሰኑ የከተማ አካባቢዎች ሞተሩን አጥፍቶ በኤሌክትሪክ ብቻ፣ ድምፁ ሳይሰማ እንዲያልፍ ሕጉ ያዝዘው ነበር። ናይሮቢ ውስጥ መኖሪያ ሰፈር ላይ የፍጥነቱ ወሰን በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ነው። እንግዲህ ሮቫንፔራ በፌዳ በኩል ቢያልፍ ኖሮ ማንም አይነቃም ነበር ማለት ነው። የእኛው ደጋፊ ከጠቅላላው ስፖርት የወሰደው ጫጫታውን ነው። የራስ ቁሩን አልወሰደም፤ ጣሪያው እንዳይደፈጠጥ የሚበየደውን የብረት ቤት አልወሰደም፤ ስድስት ማሰሪያ ያለውን ቀበቶ አልወሰደም፤ ጎኑ ተቀምጦ መንገድ የሚያነብለትን አጋር በሁለት ጓደኞችና በአንድ ጠርሙስ ተክቶታል።

«ቅርሳችን ነው» የሚለው ክርክር ክብደት አለው፤ በቀልድ አላልፈውም። ኬንያውያን በዚህ ውድድር የሚኮሩት በምክንያት ነው። ሼካር ሜህታ አምስት ጊዜ፣ ጆጊንደር ሲንግ ሦስት ጊዜ አሸንፈዋል፤ ኢያን ደንከን በ1994 የውጭዎቹን ሁሉ ቀድሟል። ግን ቅርሱ ምን እንደሆነ እንይ። ጆጊንደር በ1965 ያሸነፈው ሌሎች ነድተው በተዉት ያገለገለ ቮልቮ ነው። ሰውየው መካኒክ ነበር፤ መኪናው የሚችለውንና የማይችለውን ያውቃል። በ1963 እና በ1968 ከተነሱት ብዙ መኪኖች መጨረሻው የደረሱት ሰባት ሰባት ብቻ ነበሩ፤ ሁለቱንም ጊዜ ያሸነፈው ኒክ ኖቪትስኪ ነው፣ በፔጆ 404። ፔጆ 404! የአባቶቻችን የቤተሰብ መኪና። ጭቃውን፣ ጎርፉንና ድንጋዩን ያለፈው ማን ብዙ አጓራ ተብሎ ሳይሆን ማን መኪናውን ሳይሰብር ደረሰ ተብሎ ነበር። ማርሚታ ቆርጦ አውተር ሪንግ በሚባለው የሰፈሩ አውራ ጎዳና ላይ የሚጋልበው ልጅ ከዚህ ቅርስ ጋር ያለው ዝምድና እኔ ከኃይለ ሥላሴ የግልቢያ ፈረሶች ጋር ካለኝ አይበልጥም።

ሌላው ክርክር የቦታ ነው። ወጣቱ የት ይሂድ? አፍሪካ ከ1993ቱ የኪያላሚ ውድድር ወዲህ የፎርሙላ ዋን ግራንፕሪ አላየችም፤ እኛ ኢትዮጵያውያን በዲኤስቲቪ ካልሆነ በቀር ዘንድሮም አናየውም። ስለዚህ ናፍቆቱ ይገባኛል። ግን ናይሮቢ በዚህ ረገድ ከአዲስ አበባ ጋር አትወዳደርም፤ ናይሮቢ ለባለ መኪናው የሚሆን ነገር አላት። ኪያምቡሪንግ የተባለው የሰዓት ፉክክር መንገድ አዘግቶ፣ የራስ ቁር አስጠልቆ፣ መኪና ፈትሾ ተራውን ሱባሩ ያሮጣል። ክለቦች አሉ፣ አገር አቀፍ ሻምፒዮና አለ። እዚያ ግን ሁለት ነገር ያስፈራል። አንዱ ምዝገባው ገንዘብ መጠየቁ ነው። ሁለተኛው የከፋው ነው፦ ሰዓቱ ይለጠፋል። ሌሊት ከፓይፕላይን እስከ ዶንሆልም የሚሮጥ ሰው ሁልጊዜ አንደኛ ነው፤ ሰዓት ተይዞ ሲሮጥ ሰላሳ አራተኛ ሊሆን ይችላል።

«ማታቱዎቹስ?» የሚልም አይጠፋም። እውነት ነው፣ ማታቱ የዋህ አይደለም። ግን ማታቱ ላይ መንግሥት ሞክሯል። የትራንስፖርት ሚኒስትሩ ጆን ሚቹኪ በ2004 መጀመሪያ ሕጉን ሲያስፈጽም በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር የማያሳልፍ መቆጣጠሪያ፣ ቀበቶና ቢጫ መስመር ግዴታ ሆነ፤ ሰዉ እስከ ዛሬ የሚቹኪ ሕግ እያለ ያወራዋል። ማታቱው ቢያንስ ሰው አሳፍሮ ነው የሚከንፈው፤ ጥፋቱ የእንጀራ ጥፋት ነው። እኛም አገር ያው ነው። ጫት የጫነውን ኢሱዙ አልቃይዳ፣ ሲኖትራኩን ቀይ ሽብር ብለን ስም አወጣንላቸውና ስቀን ዝም አልን፤ ስም ማውጣት እንደ ቁጥጥር የሚቆጠር ቢሆን የኢትዮጵያን መንገድ የሚያህል ሰላማዊ አይገኝም ነበር። የሱባሩው ልጅ ግን ጫት አላደረሰ፣ ተሳፋሪ አላደረሰ። የሚሄድበት የለውም። ዞሮ የሚመጣው እዚያው በረንዳ ሥር ነው።

አውተር ሪንግ ሲሰፋ የእግረኛ ድልድዮቹ ከአስፋልቱ ዘግይተው ነው የመጡት፤ የሰፈሩ ሰው በዚያ ጊዜ የሞቱበትን በስም እየጠራ ያስታውሳል። ከራሊው ሳምንት አስቀድሞ ባለሥልጣናት «መንገዱ የውድድር ክፍል አይደለም» የሚል ማሳሰቢያ ማውጣታቸው መልካም ነው፤ ማሳሰቢያው ግን ማርሚታ አይበይድም። ጋራዡ ይታወቃል፣ ቱቦው በጠራራ ፀሐይ ይበየዳል፣ መኪናው ቀን ቀን በፖሊስ ፊት ይንጣጣል። ይህን የሚያስቆም እስኪገኝ ድረስ ራሊስቶቻችን ከናይቫሻ ሌላ ነገር መኮረጅ ባይችሉ እንኳ የሰዓት መቆጣጠሪያ ጣቢያውን ደንብ እንዲያነቡት እጠይቃለሁ። በተራው መንገድ ተጉዞ ጣቢያው ላይ አንድ ደቂቃ ዘግይቶ የደረሰ የራሊ ሾፌር 10 ሰከንድ ይቀጣል። አንድ ደቂቃ ቀድሞ የደረሰ ግን ቅጣቱ ሙሉ 1 ደቂቃ ነው።