በሰው እርምጃ የሚያዘግም 200 የፈረስ ጉልበት

በሐምሌ ንጋት ከሉዲንግተን ወይም ከማኒስቲ ወደብ የሚነሣውን የሳልመን አጥማጅ ጀልባ ያየ ሰው፣ አሜሪካ ውስጥ ባለው ሚሺጋን ሐይቅ ላይ ጦርነት የታወጀ ይመስለዋል። ከጣሪያው ላይ ራዳር ይዞራል፤ በግራና በቀኝ ዘንጎች ወደ ሰማይ ተቀስረዋል፤ መሪው ፊት ያሉት ስክሪኖች የአብራሪ ክፍል ያስመስሉታል። ይህ ሁሉ ትጥቅ የወጣለት ጠላት ደግሞ ከትንሽ አንጎሉ በስተቀር ምንም መሣሪያ የሌለው ዓሣ ነው። ጠላት መሆኑንም ገና አልሰማም።

ዓሣው ሐይቁ ውስጥ የተገኘው በራሱ ፈቃድ አይደለም። ላምፕሬይ የሚባል ደም መጣጭ የባሕር ፍጡር በመርከብ ቦይ በኩል ሾልኮ ገብቶ፣ ከልክ ካለፈ ማስገር ጋር ተባብሮ፣ የአገሩን ትራውት ጨረሰው። (የዚህን ትራውት ዘመድ የባሌ ዲንሾ ሰው ያውቀዋል፤ እሱም እንግዳ ሆኖ ከኬንያ መጥቶ ወብ ወንዝ ላይ ተለቋል።) የሚበላው የጠፋለት ኤልዋይፍ የተባለ ትንሽ የባሕር ዓሣ ደግሞ ያለ ከልካይ ተራባ፤ እ.ኤ.አ. በ1967 በጋ ሬሳው እስከ ቺካጎ ዳርቻ ድረስ ተከምሮ ከተማ አሸተተ። ከዚያ በፊት በ1966 የሚሺጋን ግዛት የዓሣ ሀብት ኃላፊ ሃዋርድ ታነር ከኦሪገን በመጣ ዕንቁላል የተፈለፈለ ኮሆ ሳልመን በፕላት ወንዝና በቤር ክሪክ አስለቅቆ ነበር። በዓመቱ ቺኑክ የተባለው ሌላ የሳልመን ዓይነት ተከተለ። ሳልመኑ ኤልዋይፉን በላ፤ ሰውም ሳልመኑን ለመብላት ተነሣ።

በመጀመሪያው ዓመት ሰው በእጁ የገባውን ጀልባ ይዞ ወጣ፤ የያዘም ያዘ። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 23 ቀን 1967 ግን ማዕበል ተነሥቶ ሰባት ሰዎች ሞቱ። ከዚያ ወዲህ ሬዲዮና የሕይወት ጃኬት የገዛን ሰው ማንም አይስቅበትም። የሚያስቀው ጃኬቱ አሁን የሚቀመጥበት ቦታ ነው፤ ሰባት የማባበያ ሣጥን ካልተነሣ አይገኝም።

ሞተሩን እንመልከት። ጀልባው 200 የፈረስ ጉልበት ተገጥሞለታል፤ ከዚያ ያነሰ ወደብ ላይ አያስከብርም። ሳልመን ማባበያውን እንዲከተል ግን ጀልባው በሰዓት ከ3 እስከ 5 ኪሎ ሜትር ብቻ መሄድ አለበት፤ ይህም ከቅዳሴ የሚመለሱ አሮጊት እርምጃ ነው። ትልቁ ሞተር እንዲህ ማዝገም አይሆንለትም። መላው ምን ይሆን? ሌላ ሞተር መግዛት። ከትልቁ ጎን 9.9 የፈረስ ጉልበት ያላት ታናሽ ትሰቀላለች። ነፋስ ከኋላ ገፍቶ እሷም ከፈጠነች፣ ውሃ የሚቋጥሩ ከረጢቶች በግራና በቀኝ ይጣላሉ፤ ሥራቸው ጀልባውን ወደ ኋላ መጎተት ነው። ባለቤቱ እንግዲህ ለመፍጠን ከፈለ፣ ለመዘግየት ከፈለ፣ መዘግየቱ አልበቃ ሲል ደግሞ ለልጓም ከፈለ። በእግሩ ቢሄድ ያው ፍጥነት በነጻ ይገኝ ነበር፤ ውሃ ላይ መራመድ ግን ለጴጥሮስም ብዙ አልቆየለትም።

ቺኑክ 12 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ የሆነ ውሃ ይወዳል፤ በበጋ ላይኛው ውሃ ሲሞቅ ወደ ታች ይወርዳል። የሐይቁ ጥልቀት እስከ 281 ሜትር ስለሚደርስ የሚወርድበት አያጣም። ዳውንሪገር የተሠራው ለዚህ ነው፦ አምስት ኪሎ ያህል የሚመዝን የእርሳስ ኳስ በሽቦ ይወርዳል፤ የማጥመጃው ክር በመቆንጠጫ ከሽቦው ጋር ይያያዛል፤ ዓሣ ሲነክስ ክሩ ይላቀቃል። ያለ ሽሙጥ ለመናገር፣ ብልሃቱ ግሩም ነው። ሽሙጡ የሚመጣው ኳሱ አጃቢ ሲበዛበት ነው። የጥልቁን ሙቀትና ፍጥነት ወደ ላይ የሚያስተላልፍ መለኪያ ይታሰርለታል፤ የሐይቁን ወለል እየተከተለ በራሱ ከፍ ዝቅ የሚያደርገው ኤሌክትሪክ ይገጠምለታል፤ አንዱ ብቻውን ከሺህ ዶላር በላይ የሚሸጥም አለ። መሪውን አውቶፓይለት ይይዘዋል። ዘንጉን ማቆሚያው ይይዘዋል። ዓሣው ያለበትን ሶናር ይናገራል፤ መንጠቆውን ደግሞ የማይቆመው ጀልባ ራሱ አፉ ላይ ይተክላል። ለአጥማጁ የተረፈው ክር መጠቅለል ነው። እንዳይደክመው ለዚያም ኤሌክትሪክ መዘውር ተሠርቶለታል። እስካሁን በማሽን ያልተተካው ሥራ ገንዘብ መክፈል ብቻ ነው፤ እሱም በካርድ ሆኗል።

የሚሺጋን ሕግ ለአንድ ሰው ሦስት ዘንግ ይፈቅዳል፤ አራት ጓደኛሞች 12 ዘንግ ይዘረጋሉ ማለት ነው። አንዱ ክር በኳስ ይወርዳል፣ ሌላው እርሳስ በሆዱ ይዞ ይሰምጣል፣ ሌላው የመዳብ ሽቦ ነው፣ ሌላው በተንሳፋፊ ሳንቃ ተስቦ ከጀልባው ይርቃል። ከዚያ አንድ የተቆጣ ቺኑክ በአሥራ አንዱ ሥር ይሻገራል። ቀጥሎ ጀልባው ላይ የሚነገረው ነገር ለኅትመት አይበቃም።

ማባበያው ማንኪያ መሰል ብረት ነው። «የዝንጀሮ ትውከት» የሚባል ቀለም ያለው በእርግጥ ይሸጣል፤ ገዢም አለው። ቀይ ብርሃን ገና በመጀመሪያዎቹ ሜትሮች ውሃ ውስጥ እንደሚጠፋ ፊዚክስ ቢናገርም፣ 30 ሜትር ታች ለሚወርደው ማንኪያ የቀዩ ጥላ የቱ ይሁን ተብሎ ሲከራከሩ ይነጋል። የሚያበራውን ዓይነት ደግሞ በባትሪ ብርሃን «ሞልተው» ይሰዱታል። ይህን ሁሉ ሳይንስ የታጠቀ ካፒቴን ታዲያ እንግዳው ምሳው ውስጥ ሙዝ ይዞ ቢመጣ ፊቱ ይጠቁራል። ሙዝ ጀልባ ላይ ገድ ያጠፋላ!

ዓሣው ከወጣ በኋላም ሌላ ጉድ አለ። ፒሲቢ የሚባለው ኬሚካል አሜሪካ ውስጥ እንዳይመረት በ1979 ቢታገድም ከሐይቁ ጨርሶ አልወጣም፤ ትልቅና ሰባ ያለ ዓሣ ላይ ይበልጥ ይከማቻል። ስለዚህ የሚሺጋን ጤና መሥሪያ ቤት በወር ስንት ጊዜ ቢበላ ደህና እንደሆነ መመሪያ ያወጣል። ፎቶ የሚነሡለትና ግድግዳ ላይ የሚሰቅሉት ግዙፍ ሳልመን እንግዲህ ለድስት በጣም የሚያሠጋው ነው።

ጎረቤት ሁሮን ሐይቅ ላይ ከ2003 እስከ 2004 ኤልዋይፉ ድንገት ተመናመነ፤ ከላይ ሳልመን በላው፣ ከታች ኳጋ የሚባለው ወራሪ ባለ ዛጎል ፍጡር የውሃውን ምግብ አጣራበት። ቺኑኩም ተከትሎት ሄደ። በዚያ ሰሞን ሐይቁ ላይ የነበሩት ሶናሮች አልተበላሹም፤ ባዶውን ውሃ በጥራት አሳይተዋል።

ሚሺጋን ላይ ግን ገና ዓሣ አለ። መስከረም ሲገባ ቺኑኩ መብላቱን ትቶ፣ እንቁላሉን ጥሎ ለመሞት በማኒስቲ ወንዝ ሽቅብ ቲፒ ግድብ ድረስ ይወጣል። እዚያ የላስቲክ ቦቲ ያጠለቁ ሰዎች ውሃው ውስጥ ቆመው አንዳንድ ዘንግ ይዘው ይጠብቁታል። ባለ 200 ፈረሱ ጀልባ እስከዚያ መግባት አይችልም። ባለቤቱ ያን ሰሞን ጀልባውን በፕላስቲክ ያስጠቀልላል፤ ቀጥሎም የሶናር ካታሎግ ይገልጣል። የአምናው ስክሪን 9 ኢንች ነበር፤ ዘንድሮ 12 ኢንች ወጥቷል።