የመጨረሻው ረድፍ፦ «ልዩ ልዩ ወጪ» በጋምቤላ የቤት በጀት

የግል ገንዘብ አያያዝ ሥልጠና በጋምቤላም ሆነ በሌላ ከተማ ሲሰጥ ሁልጊዜ የሚጀምረው ከአንድ ሠንጠረዥ ነው። በግራ ገቢ፣ በቀኝ ወጪ። ወጪው ከላይ ወደ ታች ሲነበብ ምግብ፣ የቤት ኪራይ፣ መብራትና ውሃ፣ ትምህርት፣ ሕክምና፣ ትራንስፖርት፣ ቁጠባ ይልና ወረቀቱ ሊያልቅ ሁለት ጣት ሲቀረው «ልዩ ልዩ» የሚል ረድፍ ይመጣል። አሠልጣኙ ስለ ምግብ አንድ ሰዓት፣ ስለ ቁጠባ ግማሽ ቀን ያስተምራል፤ ልዩ ልዩ ላይ ሲደርስ የሻይ ሰዓት ይሆናል። ይህ ጥናት የሚነሳው ከዚያ ሻይ ነው። መከራከሪያውም አጭር ነው፦ በጋምቤላ ልዩ ልዩ የበጀቱ መጨረሻ ሳይሆን በጀቱ ራሱ ነው፤ ከእሱ በላይ በክብር የተደረደሩት ረድፎች እሱ ያተረፈውን የሚቃመሱ ናቸው። ዘርፉ እስካሁን ተመራማሪ ያላገኘው ስለማይከብድ አይደለም፤ ሁሉም ቤት ውስጥ ስላለ ማንም ዞር ብሎ አላየውም።

በየሥልጠናው ጥራዝ ውስጥ የሚኖር አንድ ቤተሰብ አለ። አባት፣ እናት፣ ወንድ ልጅ፣ ሴት ልጅ፣ በድምሩ አራት። ደሞዙ በወሩ መጨረሻ ይገባል፤ ኪራዩ በወሩ መጀመሪያ ይከፈላል፤ በመካከሉ የሚታመም፣ የሚሞት ወይም የሚያገባ የለም። በራቸው ተንኳኩቶ አያውቅም። አያት እንኳ የላቸውም፤ ወላጆቹ ከየት እንደመጡ ጥራዙ አይገልጽም። ይህ ቤተሰብ ገቢውን አምሳ፣ ሠላሳ፣ ሃያ ብሎ ይከፍላል፦ ግማሹን ለግድ ወጪ፣ ሠላሳ በመቶውን ላማረው ነገር፣ ሃያ በመቶውን ለቁጠባ። አከፋፈሉን ያስፋፋችው ኤልዛቤት ዋረን የተባለች አሜሪካዊት ናት፤ እ.ኤ.አ. በ2005 ከልጇ ጋር ባሳተመችው መጽሐፍ። ሴትየዋ ኋላ ሴናተር ሆናለች፤ ስለዚህ ምክሩ ቢያንስ ለአንድ ቤት ሠርቷል ማለት ይቻላል። ባሮ ዳር ሲደርስ ግን ገና ከሠላሳው ይሰናከላል። በመጋቢት ሙቀቱ 40 ዲግሪ ሲጠጋ አንድ ጠርሙስ ቀዝቃዛ ውሃ ከግድ ይመደባል ወይስ ከአምሮት? ጥራዙን ያዘጋጁት ሰዎች በደጋ ተቀምጠው እንደጻፉት ከዚህ ጥያቄ ብቻ ይታወቃል።

የወር ገቢ የሚባለው ነገርም ለዚህ ከተማ የኋላ መጤ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1902 ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት መሠረት የተከፈተው የጋምቤላ የንግድ ጣቢያ ይኖር የነበረው በባሮ ሙላት ነበር። ከካርቱም የሚነሱት የእንፋሎት ጀልባዎች እዚህ ይደርሱ የነበረው በክረምት ወንዙ ሲሞላ ብቻ ነው፤ ጨውና ጨርቅ አራግፈው ቡና ጭነው ይመለሱ ነበር፤ ውሃው ሲጎድል ንግዱም ይጎድል ነበር። ጣቢያው ሱዳን ነጻ በወጣችበት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1956 ለኢትዮጵያ እስኪመለስ ድረስ የከተማው ሒሳብ በወር ሳይሆን በወንዝ ይዘጋ ነበር። ዛሬም በቆሎው የራሱ ወር አለው፣ ዓሣው የራሱ፣ ማንጎው የራሱ። ሠንጠረዡ ግን አንድ ወር ብቻ ያውቃል፤ እሱኑ አሥራ ሁለት ጊዜ ይደግመዋል። ደሞዝ ሳትይዝ አዲስ ዓመትንና የትምህርት ቤት ምዝገባን ጎትታ ስለምትመጣው ጳጉሜ ብዙ ስለተባለ እናልፋታለን።

ሰው ገንዘብን በዓይነት በዓይነቱ መለየት አያውቅምና ይሠልጥን የሚለው መነሻስ? ማስረጃው ተቃራኒውን ያሳያል። አሜሪካዊቷ የሰው ልጅ ባህል ተመራማሪ ሻሮን ሃቺንሰን ከድንበሩ ማዶ ካሉ ኑዌሮች መካከል ባደረገችውና እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተመችው ጥናት እነዚህን ዘርፎች መዝግባለች፦ ከብት ተሸጦ የተገኘ «የከብት ገንዘብ»፣ በቅጥር የተገኘ «የሥራ ገንዘብ»፣ በጥሎሽ የመጣ «የልጃገረድ ከብት»፣ ከገበያ የተገዛ «የገንዘብ ከብት»። ዘመድ በልጃገረድ ከብት ላይ ያለውን የመጠየቅ መብት በገንዘብ ከብት ላይ ያንኑ ያህል የለውም። ከሁሉም በታች ደግሞ በከተማ የመጸዳጃ ቤት ጽዳት የተገኘ «የዓይነ ምድር ገንዘብ» አለ፤ በእሱ የተገዛች ላም አትበረክትም ተብሎ ይታመናል። ሪቻርድ ታለር የተባሉት አሜሪካዊ የምጣኔ ሀብት ሊቅ ሰው ገንዘቡን በሐሳቡ በየኪሱ ለይቶ እንደሚያስቀምጥ እ.ኤ.አ. በ1985 ጽፈው፣ ከዚህና ከመሰል ሥራዎቻቸው የተነሳ በ2017 የኖቤል ሽልማት ተሸልመዋል። የታለር ኪሶች ግን ሽታ የላቸውም፤ በዚህ ረገድ የኑዌሩ ምደባ ይበልጥ የተሟላ ነው። አኝዋዎችም አያንሱም። በጥሎሽ ይሰጡት የነበረው ድሙይ የተባለ ሰማያዊ የመስታወት ጨሌ ከውጭ መግባቱ ከቆመ በኋላ ያለው ብቻ ከቤት ቤት ይዞር ነበር፤ ወንድም ሚስት ያመጣ የነበረው እኅት ተድራ ጨሌው ሲገባ ነው። ገቢና ወጪን እንዲህ ያቆራኘ፣ ማንም ተጨማሪ ሊያትምበት የማይችል ገንዘብ ያለው ብሔራዊ ባንክ ስንት ነው?

ረድፉ ካልጠፋ፣ ምደባው ከተሟላ፣ ደሞዙ ወሩ ሳይጋመስ የሚያልቀው ለምንድን ነው? መልሱ ያለው ልዩ ልዩ ውስጥ ነው። በዚህ ረድፍ የስልክ ካርድ፣ የባጃጅ፣ የእድር፣ የልቅሶና የመዋጮ ብር ይገኛል፤ የእነዚህ ሁሉ ልክ ግን ይታወቃል፤ ስለዚህ ለጥናት አይመቹም። ልኩ የማይታወቀው እንግዳ ነው። ክልሉን ራሱን እንደ አንድ ቤት ብናየው ነገሩ ይገለጣል፦ በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ የጋምቤላ ክልል ሕዝብ 307,096 ነበር፤ ሕዝቡ ከዚያ ወዲህ ጨምሯል፤ ክልሉ ያስጠለላቸው የደቡብ ሱዳን ስደተኞች ደግሞ ዛሬ ከ300 ሺህ በላይ ናቸው። በቆጠራው የተገኘውን ባለቤት የሚያህል እንግዳ የተቀበለ ቤት፣ እንግዳን ከሠንጠረዥ ግርጌ ሁለት ጣት ቦታ ስጡት ሲባል ቢገረም አይፈረድበትም።

እንግዳን በአራት መክፈል ይቻላል። የሐኪም ቤት እንግዳ ከነአስታማሚው ይመጣል፤ አንድ ተብሎ ተመዝግቦ ሁለት ሆኖ ይበላል። የትምህርት እንግዳ በመስከረም ይገባና አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ሲጨርስ ይወጣል፤ በሒሳብ አሠራር ቋሚ ንብረት ነው። መንገደኛው መኪና ወይም የመንገድ መድረቅ የሚጠብቅ ሲሆን በክረምት ይበዛል። ስለ ሦስቱ ይህ ይበቃል። አራተኛው፣ ባለጉዳዩ፣ የተለየ ትኩረት ይሻል።

ባለጉዳይ እንግዳ ከአኮቦ ወይም ከጆር፣ ከላሬ ወይም ከዲማ በፌስታል የተጠቀለለ ወረቀት ይዞ በሰኞ ይደርሳል። የሚፈልገው አንድ ፊርማ ነው፤ ዓርብ እንደሚመለስ ይናገራል፤ ሲናገርም ከልቡ ነው። በመጀመሪያው ደረጃ ባለጉዳዩ ምግብ ሲቀርብ «በልቼ ነው የመጣሁት» ይላል፤ ሻዩንም ያለ ስኳር ይጠጣል። ይህ ደረጃ አጭር ነው። ማክሰኞ ቢሮ ሲሄድ ፈራሚው የለም፤ ሥልጠና ላይ ነው፤ ሥልጠናው ስለ ቤት በጀት ነው። እዚህ ላይ አንባቢ ቆም ብሎ ያለውን ዝምድና እንዲያስተውል ይለመናል፦ አንዱ ቤት ወጪውን እንዴት እንደሚቀንስ ሲማር የሌላው ቤት ወጪ በሦስት ቀን ይረዝማል። በሁለተኛው ደረጃ ባለጉዳዩ ስኳሩ የት እንደሚቀመጥ ያውቃል። ልጆቹ በስሙ መጥራት ትተው «አጎቴ» ይሉታል፤ ይህ በበጀት ቋንቋ ከጊዜያዊ ወደ መደበኛ መዛወር ነው። እመቤቲቱም ለእሱ ብላ ድስቱ ላይ የጨመረችውን ውሃ እንደ ተጨማሪ ማየት ትተዋለች፤ ያ የወጡ ልክ ሆኗል። በሦስተኛው ደረጃ በሩ ሲንኳኳ የሚከፍተው እሱ ነው። ዓሣ የቱ ጋ እንደሚረክስ ይጠቁማል፤ ባለቤቱ ስለ ኑሮ ውድነት ሲያማርር አብሮት ያማርራል፤ «ይህ ቤት እኮ እንግዳ በዛበት» ይላል፤ ምክሩም አብዛኛውን ጊዜ ትክክል ነው። አራተኛውና የመጨረሻው ደረጃ ባለጉዳዩ ራሱ እንግዳ የሚቀበልበት ነው። ሌላ ባለጉዳይ፣ ያገሩ ሰው፣ በፌስታል የተጠቀለለ ወረቀት ይዞ ይመጣል። ከዚህ በኋላ የቤቱን ወጪ ማን እንደሚያወጣው ይታወቃል፤ ማን እንደሚያስተዳድረው ግን አከራካሪ ነው።

ከአሠልጣኞች ወገን የሚነሱ ተቃውሞዎች አሉ። አንደኛው፣ እንግዳ እንዲህ የታወቀ ከሆነ ለምን የራሱ ረድፍና የራሱ ብር አይመደብለትም የሚል ነው። መንግሥትም መጠባበቂያ ይይዛል ይላሉ፤ እውነት ነው። ይሁንና ልኩ ተጽፎ የሚጠብቀው ሰው አበልተኛ ይሆናል እንጂ እንግዳ አይሆንም፤ በሚቀጥለው ጊዜም የተመደበለትን ያህል ለመቆየት ይገደዳል፤ ያ ደግሞ ዓርብ መሄድ ይችል ለነበረው ግፍ ነው። ሁለተኛው ተቃውሞ «የለም» ማለትን እንለማመድ የሚለው ነው። አዳራሽ ውስጥ ሁለት ሁለት ሆነው ልምምዱን ያደርጉታል፤ በሳቅ ያልቃል። ይህን ምክር የሚሰጠው ሰው ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ የመጣ መሆኑም መረሳት የለበትም። አልጋው ተይዞለታል፣ የውሎ አበሉ ተሰልቶለታል፤ በጋምቤላ ከተማ በጀት የተያዘለት ብቸኛ እንግዳ እሱ ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ጠንካራ ስለሆነ በአክብሮት መታየት አለበት። ለእንግዳ የወጣው ብር ባንክ ቢቀመጥ ወለድ ይወልድ ነበር ይላል። ሒሳቡን እንሥራው። እ.ኤ.አ. በ2022 ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ፣ የዋጋ ንረቱ ደግሞ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። በዚያ ዓመት ገንዘቡን ባንክ ያስቀመጠ ሰው የገንዘቡን አቅም አጥቷል፤ ባለጉዳይ ያስቀመጠ ሰውም እንዲሁ፣ ግን የሚያወራው ሰው ነበረው። ላም የገዛው ደግሞ ጥጃ አግኝቷል፣ ዘራፊና በሽታ ከራሩለት። እንግዳ ብድር ነው ወይስ ወጪ የሚለውን ግን ሒሳብ ባለሙያ አይፈታውም። ውል የለውም፣ የመክፈያ ቀን የለውም፤ ሆኖም የባለቤቱ ልጅ አንድ ቀን ሌላ ወረዳ ሲመደብ የሚያርፍበት ቤት አለው። አንዳንዱ ሲመለስ ዶሮና የደረቀ ዓሣ ይዞ ይመጣል። አንዳንዱ ወንድሙን ይዞ ይመጣል። የሁለተኛው ዓይነት ቁጥር ከመጀመሪያው ይበልጣል፤ ጥናቱ ባለቤቶቹን ለማጽናናት ብሎ ይህን አይደብቅም።

በ2013 ዓ.ም. ቴሌብር ሥራ ከጀመረ ወዲህ ደግሞ እንግዳው መምጣት ሳያስፈልገው መስተናገድ ጀምሯል። ይህን አምስተኛ ዓይነት ብለን ለመመደብ ስናስብ መሠረቱ ተናጋ። ደዋዩ ያለፈው ክረምት መንገደኛ ነው፤ ገንዘቡን የጠየቀው ለሕክምና ነው፤ ልጁ ቤታችሁ ሆኖ ይማራል፤ ያልተፈረመለት ወረቀትም ፌስታሉ ውስጥ አለ። አንድ ሰው አራቱንም ሆኖ ከተገኘ አራት የሚለው ቁጥር ጌጥ ነው፤ ምደባው ከዚህ መስመር ጀምሮ ተነስቷል።

የሚቀረው ከሥልጠናው ከራሱ የሚነሳ አንድ የሒሳብ ጉዳይ ነው። በመጨረሻው ቀን ሠንጠረዡ ተሞልቶ፣ የምስክር ወረቀቱ ታድሎ ሠልጣኙ የሦስት ቀን የውሎ አበሉን ይፈርምና ይቀበላል። ይህ ገቢ ነው፤ በገቢው ዓምድ ግን ከደሞዝ በቀር ሌላ ረድፍ የለም። የትኛው ላይ ይመዝገብ ተብሎ ቢጠየቅ አሠልጣኙ ትንሽ ያስባል፣ ሰዓቱን ያያል፣ «ልዩ ልዩ ላይ አድርጉት» ይላል። ሠልጣኙ ይህን የሚሰማው ስልኩን ይዞ ነው፤ ግማሹን ልኮ ጨርሷል፤ ላኪውን የሚያመሰግነው መልእክት ቀድሞ ገብቷል፤ ቀሪውን የሚጠይቀውም ተከትሎ።