ወደ ኢግሉሊክ ለሚሄዱ መምህር፦ ክብርን ስለ መጠበቅ

የተከበሩ መምህር፤ በካናዳ ኑናቩት ግዛት፣ ኢግሉሊክ በምትባል ደሴት ሊያስተምሩ መሆኑን ሰምተን ደስ ብሎናል። የኢኑዊት ሕዝብ መንደር ናት፤ ነዋሪዋ 2,000 ገደማ ነው። የመኪና መንገድ አያደርስም፤ በአውሮፕላን ነው የሚገባው። የዲግሪዎን ክብር ሳያጎድፉ ዓመቱን እንዲጨርሱ ጥቂት ምክር ብንለግስዎ ደግ ነው።

መጀመሪያ ስንቅ። ከባድ ዕቃ የሚመጣው በረዶው በሚለቅበት በጋ፣ በመርከብ ነው። የዓመቱን የሽንት ቤት ወረቀት አስቀድመው አስልተው ይዘዙ። የሒሳብ መምህር ከሆኑ ደግሞ አደራ፤ ሲያልቅብዎ መንደሩ ሁሉ ይሰማል።

ቀጥሎ ጉርብትና። ሳያንኳኳ ቤትዎ የሚገባው ሰው ሌባ አይደለም፣ ጎረቤት ነው። ጫማውን ያወልቃል፣ ይቀመጣል፣ ዝም ይላል። እርስዎም ዝም ይበሉ። ጨዋታ ለማምጣት ብለው ስለ አየሩ ትንታኔ አይጀምሩ።

ክፍል ውስጥ ጠይቀው መልስ ሲጠፋ ደግሞ ለቁጣ አይቸኩሉ። ልጁ ቅንድቡን ከፍ ካደረገ «አዎ» ብሏል፤ አፍንጫውን ከሸበሸበ «አይደለም» ማለቱ ነው። ምናልባት ሦስቴ መልሶልዎት ይሆናል፤ እርስዎ ጥቁር ሰሌዳ ሲጠርጉ።

ዋናው ፈተና ስም ነው። ልጅ ሲወለድ ያረፈ ሰው ስም ይወጣለታል፤ ከስሙ ጋር ዝምድናውም ይመጣል። ስለዚህ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ማስቲካ የምታኝከውን የስምንት ዓመት ልጅ፣ አያቷ በወላጆች ስብሰባ ላይ «አባቴ» ብለው ቢጠሯት እንዳይስቁ። የሟች አባታቸውን ስም ይዛለች፤ እንግዲህ አባታቸው ናት። አሁን እርስዎ የእኚህን የተከበሩ እማማ አባት፣ ማባዛት አልሠራሽም ብለው ጥግ ሊያቆሙ ነው? ያውም ሴትዮዋ እያዩ? እስቲ ረጋ ብለው ያስቡበት።

ግብዣ ሲጠሩ ወለሉ ላይ ካርቶን ይነጠፋል፤ በረዶ የሆነ ጥሬ የካሪቡ አጋዘን ሥጋ ይቀርባል፣ ኡሉ በሚሉት የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ባለው የሴቶች ቢላ እየተቆረጠ። ቁርጥ እየበሉ ላደጉ ሰው ይህ ፈተና አይባልም። ሚጥሚጣ ግን አይጠይቁ።

የኢኑዊት ፊደልም አያስፈራዎ። ቅርጹን ሲያዞሩት አናባቢው ይለወጣል፤ አናባቢው ደግሞ ሦስት ብቻ ነው። ሰባት ቤት ቆጥሮ ላደገ ሰው ዕረፍት ነው። ብቻ አንዷን አዙረው ቢጽፉ፣ አንደኛ ክፍሎች ለሳምንት የሚበቃ ሳቅ ያገኛሉ።

ፀሐይ ከኅዳር አጋማሽ እስከ ጥር መጀመሪያ አትወጣም። ስትመለስ በግማሽ ፊት ፈገግ ብሎ መቀበል የቆየ ልማድ ነው፤ ብርዱ ገና ስላላለቀ ሌላው ግማሽ እንደተኮሳተረ ይቆያል። የመምህር ፊት ለዚህ የተፈጠረ ነው። በግንቦት ደግሞ ጭራሽ አትጠልቅም፤ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ልጆች ደጅዎ ኳስ ሲለጉ፣ ጠዋት ማን እንደሚያረፍድ ካሁኑ መዝግበው መተኛት ይችላሉ።

ወደ አደን ይዘውዎት ከወጡ ሸርተቴው ላይ ቁጭ ይበሉ እንጂ አይምሩ። ባለፈው ሳምንት ክፍልፋይ ያቃተው ልጅ በረዶውን በጦር መታ መታ አድርጎ የቱ እንደሚያስኬድ ይነግርዎታል። የእርስዎ ድርሻ ሻይ ማፍላት ነው። እሱንም ቢሆን በረዶውን ከየት እንደሚቆርጡ ልጁን ይጠይቁ፤ አዲስ የባሕር በረዶ ጨው ነው፣ ሻዩን ያበላሻል።