በገላን ስለሚጨመሩ ፈረሶች

ቀደም ባለው ዘመን መኳንንቱ በፈረሳቸው ስም ሲጠሩ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ ሲባሉ፣ ለአንድ ጌታ የአንድ ፈረስ ስም ይበቃው ነበር፤ ዛሬ ግን ከአቃቂ ወደ ዱከም በሚዘልቀው ጎዳና፣ ገላን ላይ ከአንድ ጋራዥ ደጃፍ የቆመ የሲኖትራክ ሹፌር፣ 371 ፈረስ ከሞተሩ ውስጥ አስሮ ሳለ፣ «ጋሼ፣ ኀምሳ ይጨምሩልኝ» ሲል ይሰማል።

ሊቃውንቱ አንድ የፈረስ ጉልበት የሚሉት 75 ኪሎ ሸክም በአንድ ሴኮንድ አንድ ሜትር ወደ ላይ የሚያነሣውን ኀይል ነው። በጋራዡ ጉባኤ ግን መስፈሪያው ሌላ ነው፤ አንዱ የሞተሩን ድምፅ፣ ሁለተኛው የጭሱን ጥቁረት፣ ሦስተኛው ዳገት ላይ ጥሎት ያለፈውን ባልንጀራውን ለምስክርነት ይጠራል፤ በዚህም አኳኋን ጠዋት ኀምሳ የተባለው ጭማሪ ሻይ ሲደገም ሰማንያ፣ ምሳ ሲደርስ መቶ እየሆነ፣ ያለ ገለባና ያለ ውሃ ሲረባ ይውላል።

እኔም እንደ ትርጓሜ መምህራን ነገሩን ከሦስት ከፍዬ ተመለከትሁት። አንድም ፖምፓውን መክፈት ነው፤ መካኒኩ የናፍጣውን ልክ የሚወስነውን ብሎን ጥቂት ያዞርና ሞተሩ ከለመደው በላይ ይጠጣል፤ ዳሩ ግን ናፍጣ በቂ አየር ካላገኘ በወጉ ስለማይነድ፣ ትርፉ በማርሚታው በኩል ይጠቁራል፣ ትኩሳቱም ሲበዛ ፒስተን እስከ ማቅለጥ ይደርሳል፤ ሹፌሩ በኩራት የሚያሳየን ጭስ እንግዲህ በከንቱ ላለፈ ናፍጣ የሚታጠን ዕጣን ነው።

አንድም አየሩን ማብዛት ነው። ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ቡኺ በ1905 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት ቱርቦ፣ በሚወጣው ጭስ ግፊት እየተሽከረከረ ንጹሑን አየር ወደ ሞተሩ ያጭቃል፤ ሞተሩ ከ10 ሊትር የሚበልጠው አሮጌው ፊያት ኤንትሬ፣ ከ10 ሊትር የሚያንሰው ሲኖትራክ ከሚሰጠው ጉልበት ግማሽ ገደማ ብቻ የሚሰጥበት ዋናው ምሥጢር ይኸው ነው።

አንድም የጠፋውን መመለስ ነው። ገላን ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች፣ ቱርቦ የሌለው መኪና ከጅቡቲ ወደብ ይዞት ከተነሣው ጉልበት አንድ አምስተኛ ያህሉን ለሳሳው የደጋ አየር ገብሮ ይደርሳል፤ በዚህ ላይ ፍልትሮው ሲታፈንና ኖዝሉ መርጨቱን ትቶ ማንጠባጠብ ሲጀምር፣ የቀረውም ይከተላል። አንድ ረዳት ፍልትሮውን አውጥቶ ከጎማ ጋር ሲያላትመው፣ የወጣው አቧራ ልጁን ከእይታችን ሰወረው፤ መኪናውም ከዚያ በኋላ ዳገቱን በደኅና ወጣ፤ ምስጋናው ግን፣ እንደ ዓለም ልማድ፣ ፖምፓውን ለከፈተው መካኒክ እንጂ ፍልትሮውን ላራገፈው ረዳት አልደረሰም።

በመጨረሻ ያንን ሹፌር፣ «ለመሆኑ ወንድሜ፣ ፍሬኑስ ተጨመረበት?» ብለው፣ መስተዋቱ ላይ ወደ ተለጠፈው ሥዕል እያመለከተ፣ «እሱን ለጊዮርጊስ ሰጥቼዋለሁ» አለኝ። ሰማዕቱ ግን ልጓሙን ጠበቅ አድርጎ ይዞ ነበር።