የእመት ጦጢት ዋሽንት

እንስሳት ሶንጎ በሚሉት ሸንጎ ይዳኙ በነበረ ዘመን፣ ከዲላ ወደ ወናጎ ሲሄዱ በሚያጋጥም አንድ ተዳፋት ላይ እመት ጦጢት ትኖር ነበር። ጓሮዋ እንደ ጌዴኦ አገር ሁሉ ድርብርብ ነው፤ ከላይ ዋንዛና ብርብራ፣ ከነሱ ሥር እንሰት፣ በእንሰቱ መሐል ቡና። ዩኔስኮ በመስከረም 2016 ዓ.ም. የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ያየው ይህንኑ ነው። ጌዴኦ ግን ማንም ሳይመዘግብለት ነው ሲኖርበት የኖረው።

ያን ዓመት እመት ጦጢት ሥራ በዝቶባታል። ቡናዋ ደርሷል። ከቡሌ ደጋ ቀርከሃ አስመጥታ ቤት ጀምራለች፤ ግድግዳው ቆሞ ጣሪያው ይቀራል። ከተረፈው ቀርከሃ አንዱን ዘንግ ቆርጣ ደግሞ ዋሽንት ሠርታለች። ማታ ልጆቿን ካስተኛች በኋላ ደጅ ተቀምጣ ትነፋለች። የተዋጣላት ነፊ አልነበረችም፤ ግን የራሷን ዜማ ጀምራ ልትጨርሰው ጥቂት ቀርቷት ነበር።

እሸት ቡና ጊዜ አይሰጥም። ጠዋት የተለቀመው በዚያው ቀን መፈልፈያ ካልገባ ጆንያው ውስጥ ይሞቃል፣ ሽታው ይለወጣል። የሚለቀመውም ቀዩ ብቻ ነው። እጅ ፍሬውን ጠምዘዝ አድርጎ ያወጣል፣ አረንጓዴውን ለሚቀጥለው ዙር ይተወዋል፤ ወደ አንዱ ዛፍ ደጋግሞ ይመለሳል። ስለዚህ ከጥቅምት ጀምሮ አገሩ ሁሉ ሩጫ ላይ ነው።

አያ ጅቦ መንገድ ዳር ሚዛን ተክሎ እሸት የሚሰበስብ ነጋዴ ነበር። ጭነቱ በዲላ አድርጎ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አዲስ አበባ ይገባል፤ እዚያ ያለውን ዋጋ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። አንድ ማታ ሶንጎ አስጠራ።

«ወገኖቼ፣ ገንዘብ ደጃችን የሚመጣው በዓመት አንዴ ነው። የልጆች ትምህርት፣ ግብር፣ ዕዳ፣ ሁሉም ከዚህች ፍሬ ነው። ለቀማው እስኪያልቅ ቤት የሚሠራ ይተው፤ እንሰት የሚፍቅ ይተው፤ ዋሽንት የሚነፋማ ይፈር» አለ።

ሁሉም ዞረው እመት ጦጢትን አዩዋት።

«እንሰቱ ካልተፋቀ ምን ይበላል?» አሉ አባ ኤሊ።

«እንሰት የትም አይሄድም አባቴ፤ ዓመቱን ሙሉ ቆሞ ይጠብቃል።»

ይህ እውነት ነው። እንሰት እንደ በቆሎ አንድ የመከር ወቅት ስለሌለው በክፉ ቀን ስንቱን ቤት አትርፏል። ግን ተፍቆ፣ በቅጠሉ ተሸፍኖ፣ ጉድጓድ ውስጥ ሳይብላላ ቆጮ አይሆንም፤ ለዚያ ሳምንታት ይፈልጋል። የአያ ጅቦ ንግግር ሁሉ እንዲህ ግማሹ እውነት ስለነበር መልስ የሚሰጠው ጠፋ። ሶንጎው ተስማማ።

በመጀመሪያው ሳምንት የሚመዘነው በዛ፣ ሁሉም ደስ አለው። ቀጥሎ በጨረቃ መልቀም ተጀመረ። በጨረቃ ደግሞ ቀዩና አረንጓዴው አይለይም። ጥሬው ፍሬ መፈልፈያው ላይ አልላጥ ብሎ ከነቆዳው አለፈ፤ አያ ጅቦም ዋጋ ቀነሰ። ዋጋ ሲቀንስ ኪሎ መጨመር ግድ ሆነ፣ ኪሎ ለመጨመር ከእንቅልፍ ላይ ተቀነሰ።

ኅዳር ሲያልቅ የየቤቱ የቆጮ ጉድጓድ ባዶ ሆነ። አያ ጅቦ ለካ ከክረምት ጀምሮ ቆጮ በርካሽ እየገዛ ሲያከማች ኖሯል። ማታ ለእሸት የከፈለውን ብር ጠዋት በቆጮ ዋጋ መልሶ ይወስደው ጀመር። በዚህ መሐል ያልታሰበ ዝናብ ጣለ። ጣሪያ ያልለበሰው የእመት ጦጢት ቀርከሃ ሻገተ፣ ማሰሪያው ላልቶ የቤቱ አንድ ጎን ዘመመ።

ስለ ዋሽንቱ ግን ማንም አልጠየቀም። እሸት ካልተለቀመ ይረግፋል። ልጅ ካልበላ ያለቅሳል፤ ቤትም ካልተከደነ ዘሞ ይታያል። ዋሽንት ካልተነፋ ምንም አይልም። እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ነው፤ ሥራ ሲበዛብን ቀድመን የምንተወው የማይጮኸውን ነው፣ መጥፋቱንም የምናውቀው ስንፈልገው ነው።

ጥር ላይ ደራሮ ደረሰ። ለዓመቱ ምስጋና የሚቀርብበት፣ የሚዘፈንበት በዓል ነው። ሁሉም ለብሶ ወጣ፤ ዜማ የሚያወጣ ግን ታጣ። እመት ጦጢት ሮጣ ዋሽንቷን አመጣች። ቀዳዳዎቹን ተርብ በጭቃ ደፍኗቸዋል። በስንጥር ጠርጋ ከንፈሯ ላይ አደረገችው። ጣቶቿ ግን ከቀዳዳ ቀዳዳ መሄድ ትተው በየቀዳዳው ላይ ጠምዘዝ ጠምዘዝ ይሉ ጀመር፣ ቡና እንደሚለቅሙ ሁሉ። ዜማው ጠፋባት። እዚያው ሕዝብ ፊት አለቀሰች።

አባ ኤሊ በዓሉ እንዳለፈ ሶንጎ ጠሩ። «በለቀማ ወራት በየሳምንቱ አንድ ቀን ሚዛን ይዘጋ። በዚያ ቀን እንሰት ይፋቅ፣ የጎደለ ቤት በደቦ ይከደን» አሉ።

«በዚያ ቀን የሚረግፈውን ማን ይከፍላል?» አለ አያ ጅቦ።

«ዘንድሮ ጥሬውን የለቀምነውን ማን ከፈለን?»

«ዋሽንትስ?» አለች እመት ጦጢት ቀስ ብላ።

የደቦውን ስም የሚይዘው አያ ጃርት ተነሣ። «ሌላው ሲሠራ ቁጭ ብሎ የሚነፋ ከሠራተኛ አይቆጠርም። ከቆጠርን ነገ ሁሉም ዋሽንት ይዞ ነው የሚመጣው።»

«እሷ እየነፋች ስፍቅ ክንዴ አይዝልም» አለች እመት ሚዳቋ። «የጨመርኩትን በእሷ ስም ቁጠሩላት።»

በዚህ ላይ ሶንጎው ለሁለት ተከፈለ፤ እስከ ጥቅምትም አልተስማማም። የሚዛኑ ነገር ግን ጸደቀ። በአዲሱ ለቀማ መጀመሪያ የተዘጋው ቀን የእመት ጦጢት ቤት ተከደነ፤ ሴቶቹ ከጣሪያው ሥር እንሰት ሲፍቁ እሷ በተራዋ ዋሽንቷን አነሣች። አሮጌው ዜማ አልተመለሰላትም፤ ሌላ ጀመረች። ማታ አያ ጃርት ከጀርባው አንድ እሾህ ነቅሎ የሠራተኞቹን ስም በእንሰት ቅጠል ላይ ሲጽፍ ጦጢትን ዘለላት። እመት ሚዳቋ መፋቂያዋን አስቀምጣ አጠገቡ መጥታ ቆመች፣ እስኪጽፋትም ድረስ አልሄደችም።