ጭሱ የታለ?

«ሳውንድ ካርዱ ተቃጥሏል።»

ጭሱ የታለ? ሽታውን ማን አሸተተው? ላፕቶፑ ትናንት ማታ መዝሙር ሲያሰማ አምሽቶ ዛሬ ጠዋት አንተ ቤት ገባ። አንተ ዊንዶው ጫንክበት፤ ከዚያ ድምፁ ጠፋ። በመሀል የተነሳ እሳት ካለ የለኮስከው አንተ ነህ። ካልለኮስክ ደግሞ ድራይቨሩን ጫንለትና ለባለቤቱ መልስለት።

ቢቸናም ሞጣም ኮምፒዩተር ቤት ስገባ የምሰማው ይኸው ነው። ዋይፋዩ ሞቷል፣ ካሜራው ሄዷል፣ ፕሪንተሩ አርጅቷል። መልሱን ለእያንዳንዱ ከምናገር አንዴ በጽሑፍ ላስቀምጠው ብያለሁ፤ ምክንያቱም በዚህ ወሬ የሚጎዳው ተናጋሪው ሳይሆን ሰሚው ነው። ሰሚው ከደመወዙ ቆጥቦ ያገለገለ ላፕቶፕ የገዛ መምህር ነው። ሰሚዋ ጤፍ ሸጣ ዩኒቨርሲቲ ለገባ ልጇ ማሽን የገዛች እናት ናት። «ተቃጥሏል» ስትላቸው ያምኑሃል። ወይ የማያስፈልግ ዕቃ ይገዛሉ፣ ወይ ደህናውን ማሽን አልጋ ሥር ይከቱታል።

«ታዲያ ዊንዶውም አለ፣ ካርዱም አለ፤ ምን ጎደለ?»

መሀሉ ጎደለ። የሞጣ ሰው ይህን ሊጠይቀኝ አይገባም፤ ሰባራ ድልድይ የማን ጎረቤት ነው? በዐፄ ፋሲል ዘመን የተሠራው የዓባይ ድልድይ በጣሊያን ወረራ ጊዜ መሀሉ ሲቆረጥ የጎጃሙም ዳር፣ የቤጌምድሩም ዳር በቦታው ነበር። ሰው ግን ለብዙ ዓመታት የተሻገረው በገመድ እየተጎተተ ነው። ኬን ፍራንትዝ የሚባል አሜሪካዊ ፎቶውን በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ላይ አየና ሰው አስተባብሮ መጣ፤ እ.ኤ.አ. በ2002 ክፍተቱ ላይ ብረት ተዘረጋ። በኋላ ጎርፍ ያንን ብረት ወሰደውና ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ። እንግዲህ ልብ በል፤ የመጣው ሰው የቀረውን ግንብ ላፍርስ አላለም። የጎደለውን ለካ፣ የጎደለውን ሞላ።

ድራይቨር ያ ብረት ነው። ዊንዶው ሳውንድ ካርዱን በቀጥታ ማዘዝ አይችልም፤ እያንዳንዱ ካርድ ትእዛዝ የሚቀበልበት የራሱ መንገድ አለው፣ መንገዱን የሚያውቀው ደግሞ ካርዱን የሠራው ኩባንያ ነው። ኩባንያው ያንን እውቀት በትንሽ ፕሮግራም ጽፎ ያወጣዋል። ፕሮግራሙ ከሌለ ካርዱ ደህና ሆኖ ዝም ይላል።

«ፎርማት ይደረግ፤ ይለቀዋል።»

ምኑ ነው የሚለቀው? ፎርማት ያደረግከው ጊዜ ነበር ድራይቨሩ የጠፋው፤ አሁንም ፎርማት ስታደርገው የባለቤቱ ፎቶና የፈተና ወረቀት ይከተለዋል። ፎርማት ግድ የሚሆንበት ጊዜ አለ፣ አልክድም፤ ቫይረስ ጨርሶት ሊሆን ይችላል። እንዲያም ሆኖ ከመንካትህ በፊት ሲ ድራይቭ ውስጥ ግባ። ዊንዶውስ የሚለውን ክፈት፣ ከዚያ ሲስተም 32፣ ከዚያ ድራይቨርስቶር። እዚያ ውስጥ ፋይል ሪፖዚተሪ የሚባል ፎልደር ታገኛለህ፤ ማሽኑ ሲሠራባቸው የነበሩት ድራይቨሮች ያሉት እዚያ ነው። እንዳለ ወደ ፍላሽ ገልብጠው። አዲሱን ዊንዶው ከጫንክ በኋላ ለዲቫይስ ማናጀር ያንን ፎልደር ታሳየዋለህ፤ የሚስማማውን ራሱ መርጦ ያነሳል። የ64 ቢቱን ለ64፣ የ32ቱን ለ32 ብቻ። ይህን ሳያደርግ ፎርማት የሚያደርግ ሰው የሰው ንብረት እየጣለ ነው፤ ንብረቱ በዓይን ስለማይታይ ብቻ ማንም አይጠይቀውም።

«ካርዱ ምን እንደሆነ አይታወቅም። አንኖውን ዲቫይስ ነው የሚለው።»

አልጠየቅኸውማ! ዲቫይስ ማናጀርን ክፈት። ከዝርዝሩ ውስጥ ቢጫ ሦስት ማዕዘን ከነቃለ አጋኖው የተለጠፈበት መስመር አለ። ራይት ክሊክ፣ ከዚያ ፕሮፐርቲስ። መጀመሪያ የሚወጣው ገጽ ላይ ኮድ 28 የሚል ካነበብክ ማሽኑ በራሱ አፍ «ድራይቨር አልተጫነልኝም» እያለህ ነው። ተቃጠልኩ አላለህም። ቀጥለህ ዲቴይልስ የሚለውን ንካ፤ ከተቆልቋዩ ሳጥን ሀርድዌር አይዲስ የሚለውን ምረጥ። ያየኸው ረጅም መስመር የካርዱ መታወቂያ ነው። ከ«ቬን» ቀጥሎ ያሉት አራት ምልክቶች ፋብሪካውን፣ ከ«ዴቭ» ቀጥሎ ያሉት አራቱ ሞዴሉን ይናገራሉ። 8086 ካለ ኢንቴል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1978 ያወጣውን የታወቀ ፕሮሰሰር ቁጥር ነው መለያው ያደረገው። 10ኢሲ ሪልቴክ፣ 14ኢ4 ብሮድኮም፣ 10ዲኢ ኢንቪዲያ። ሁለቱን ቁጥሮች አንድ ላይ ጽፈህ ፈልግ፤ ስሙ ይመጣልሃል። ማሽኑ ዴል ከሆነማ ይህም አያስፈልግህም፤ ከሥሩ የተለጠፈችውን ባለ ሰባት ምልክት ሰርቪስ ታግ የኩባንያው ገጽ ላይ ስትጽፍ የዚያው ሞዴል ድራይቨር ተዘርዝሮ ይቀርብልሃል፣ በነፃ።

አሁንም «አይ፣ ተቃጥሏል» ካልክ ማስረጃ አምጣ። ኡቡንቱ የሚባለውን ሊኑክስ በፍላሽ አዘጋጅ፤ ማሽኑን ከፍላሹ አስነሳው፣ ሳትጭን «ልሞክር» የሚለውን ምረጥ። ሊኑክስ አብዛኛውን ድራይቨር በሆዱ ይዞ ነው የሚመጣው። ድምፅ ከሰማህ ካርዱ ጤነኛ ነው፤ ክርክሩ አለቀ። እዚያም ድምፅ ከጠፋ፣ ዝርዝሩ ውስጥም ጨርሶ ካልታየ፣ ባዮሱም ውስጥ ተዘግቶ ካልሆነ፣ ያኔ ተበላሽቷል በል፤ እሰማሃለሁ።

«ኢንተርኔት ሳይኖር ድራይቨር ከየት ይወርዳል?»

ይህችን በቀልድ አልመልሳትም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት መቆየቱን የቢቸናም የሞጣም ሰው ያውቀዋል። አንዲት ፋይል የሚጠብቅ ላፕቶፕ ያለ ሥራ ተቀመጠ፤ ተማሪም አብሮ ተቀመጠ። ድራይቨርን አስቀድሞ በፍላሽ ማስቀመጥ የትጋት ጉዳይ መስሎት የነበረ ባለሙያ ያኔ የግዴታ መሆኑን አየ። ስለዚህ ኔትወርክ ባለበት ቀን አውርድ። መጀመሪያ የዋይፋይና የኬብል ድራይቨሮችን አውርድ፤ እነሱ ከተጫኑ ሌላውን ማሽኑ ራሱ ያመጣዋል።

ኔትወርክ እያለ ዋይፋዩ እምቢ ቢልህ ደግሞ ስልክህን በቻርጀሩ ገመድ ከማሽኑ ጋር አገናኝና ዩኤስቢ ቴዘሪንግን አብራው። ዊንዶው 10 አንድሮይድ ስልክን ያለ ተጨማሪ ድራይቨር እንደ ኔትወርክ ካርድ ይቀበለዋል። ስልኩ ራሱ ዋይፋይ ላይ ከሆነ ዋይፋዩን ያስተላልፍልሃል፤ ዳታህም አይነካም። ይህን የማያውቅ ስንት ሰው ላፕቶፑን ተሸክሞ ባሕር ዳር ድረስ እንደሚሄድ ሳስብ ይቆጨኛል።

«እኔ ሁሉንም አንዴ የሚጭን ጥቅል አለኝ።»

ከማን ተቀበልከው? ውስጡስ ምን አለ? ብዙ ጊጋባይት ያላቸው የድራይቨር ጥቅሎች ኢንተርኔት ለሌለበት አገር ትልቅ ነገር ናቸው፤ አንዳንዶቹ ግን ሳትጠራቸው ብራውዘርና አንቲቫይረስ አስከትለው ይገባሉ። «ሁሉንም ጫን» የሚለውን ከመጫን በፊት ዝርዝሩን አንብብ፤ ቢጫ ምልክት ያለበትን ብቻ ምረጥ። ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ስናፒ ድራይቨር ኢንስታለር የሚባል አለ፤ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል።

«ድራይቨር ነው እንጂ መርዝ ነው እንዴ?» ትለኛለህ። አብዛኛው ድራይቨር የሚሠራው ከሲስተሙ እምብርት ከርነል ውስጥ ነው። ሌላ ፕሮግራም ሲሳሳት ይዘጋል፤ እሱ ሲሳሳት ማሽኑ ራሱ ይወድቃል። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 19 ቀን 2024 ክራውድስትራይክ የሚባለው የደኅንነት ኩባንያ ከርነል ውስጥ ለሚሠራው ድራይቨሩ የላካት አንዲት የተሳሳተች ፋይል ወደ 8.5 ሚሊዮን የዊንዶው ኮምፒዩተሮችን ሰማያዊ ስክሪን ላይ ጣለች። አውሮፕላን ቆመ፤ ባንክና ሆስፒታል ተስተጓጎለ። ያ የታወቀ ኩባንያ ነበር። አንተ ደግሞ ከማን እንደመጣ የማታውቀውን ጥቅል የመምህሩ ማሽን ላይ ትደፋለህ።

«ዊንዶው ሰባት ይጫንልኝ፤ እሱ ቀላል ነው።»

ለማን ነው የሚቀለው? እ.ኤ.አ. በ2015 ገበያ የገባውን ስድስተኛ ትውልድ ኢንቴልና ከዚያ ወዲህ ያለውን ይዘህ መጥተህ፣ በ2009 የወጣ ዊንዶው ይጫንልኝ ትላለህ፤ ዊንዶው ሰባት ግን የዩኤስቢ 3 ድራይቨር ሆዱ ውስጥ የለውም። መጫኛው ግማሽ መንገድ ላይ ማውስህንም ፍላሽህንም አያውቅም፤ «ድራይቨር ይጎድላል» ብሎ ይቆማል። ከዚያ «ፍላሹ ተበላሽቷል» ብለህ ሌላ ፍላሽ ትገዛለህ። ማይክሮሶፍት የዊንዶው ሰባትን ድጋፍ በጥር 2020 ዘግቶታል፤ የዊንዶው 10ንም በጥቅምት 2025 ዘግቷል፤ ሁለቱም እ.ኤ.አ. ናቸው። ማሽኑ አሮጌ ከሆነና ከከበደው ራሙን ጨምርለት፣ ኤስኤስዲ ግዛለት።

«ፕሪንተሩ አርጅቷል፤ ይቀየር።»

ለዚህ ምርጡ መልስ የእኔ አይደለም። ሞጣ ላይ ፎቶ ኮፒ ቤት ያላቸው አንዲት ሴት ናቸው የመለሱት። ኮምፒዩተራቸው ፎርማት ተደርጎ መጣ፤ ፕሪንተሩ መብራቱ እየበራ ወረቀት አልተፋ አለ። በር ላይ መምህራን የፈተና ወረቀት ይዘው ቆመዋል። ቴክኒሻኑ ገመዱን ነቅሎ ሰካና፣ «እትዬ፣ ይሄ አርጅቷል፤ ቢቀይሩት ይሻላል» አላቸው።

«አንተ ልጅ፣» አሉት፣ «ትናንት ጠዋት መቶ ገጽ አትሞልኛል። ከትናንት እስከ ዛሬ ስንት ዓመት አለፈ?»

ልጁ አቀረቀረ፤ ግን ጎበዝ ነው፣ ስልኩን አውጥቶ የሞዴሉን ቁጥር ከጀርባው አነበበ፤ ድራይቨሩ ሲወርድ እትዬ ራሳቸው ወረቀቱን ሞሉ።

አንዳንድ ፕሪንተር ያለ ድራይቨር ጭራሽ ሕይወት የለውም። ኤችፒ ሌዘርጄት 1020ን ውሰድ፤ በተከፈተ ቁጥር የሚሠራበትን ፕሮግራም ሳይቀር የሚቀበለው ከኮምፒዩተሩ ነው። ድራይቨሩ ሳይኖር መብራቱን አይቶ ፍርድ መስጠት ግፍ ነው። ሌላም የፕሪንተር ታሪክ ልንገርህ፤ እ.ኤ.አ. በ1980 አካባቢ አሜሪካ ኤምአይቲ ውስጥ ሪቻርድ ስቶልማን የሚባል ባለሙያ የቤተ ሙከራውን የዜሮክስ ፕሪንተር ወረቀት ሲጣበቅበት ለተጠቃሚው እንዲናገር አድርጎ ሊያስተካክለው ፈለገ፤ የፕሮግራሙን ኮድ ግን ከለከሉት። ያ ክልከላ በ1983 ግኑ የሚባለውን የነፃ ሶፍትዌር ሥራ እንዲያውጅ ካነሳሱት ነገሮች አንዱ ሆነ። ሊኑስ ቶርቫልድስ በ1991 የጀመረው ሊኑክስ ተጨምሮበት፣ ዛሬ በፍላሽ አስነሳው ያልኩህ ኡቡንቱ ከዚያ የመጣ ነው። ስቶልማን ፕሪንተሩ ይቀየር ብሎ ቢሄድ ኖሮ ያ ሁሉ ከመነሻዎቹ አንዱ ይጎድለው ነበር።

«እሺ፣ ግን ድራይቨሩ ለብቻው ይከፈላል።»

ለማን? የሠራው ኩባንያ በነፃ ሰጥቶታል። ጊዜህን አስከፍል፣ እውቀትህን አስከፍል፣ ያወረድክበትን ዳታ አስከፍል፤ ማንም ነፍስ ያለው ሰው አይከለክልህም፣ ደመወዝህ ነው። ደረሰኙ ላይ ግን «የሳውንድ ካርድ ጥገና» ብለህ አትጻፍ። ድራይቨር ጫንኩ በል፤ ባለቤቱ ቀጥሎ ሲያጋጥመው ምን እንደሚጠይቅ ይወቅ።

«ያጠራቀምኩትን ድራይቨር ለሞጣው ልጅ ለምን እሰጠዋለሁ? ገበያዬን ሊወስድ?»

ሞጣ ላይ ላፕቶፑ የተበላሸበት ሰው ደብረ ወርቅን አቋርጦ ቢቸና ድረስ አንተን ፍለጋ አይመጣም። ያ ገበያ መቼ ያንተ ነበር? ፋይል ሲገለበጥ አይጎድልም። እሱ የያዘው የአሮጌ ፕሪንተር ድራይቨር አንተ ጋ የለም፤ አንተ የያዝከው የብሮድኮም ዋይፋይ እሱ ጋ የለም። በየሞዴሉ ፎልደር ክፈት፤ የማሽኑን ስም፣ ስንት ቢት እንደሆነ፣ ከየት እንዳወረድከው ጻፍበት። የሪልቴኩን ከኢንቴሉ አትቀላቅል። ከዚያ ወደ ሞጣ ለሚሄድ ለምታምነው ሰው ፍላሹን ስጠው፤ ሲመለስም ባዶውን ይዞ እንዳይመጣ አደራ በለው።