ሁለት ሳጥን በዶላር

ፕሮክሲ ሲባል ግራ የሚገባው ሰው ካለ፣ የ2015 ዓ.ም. የካቲትን ረስቷል ማለት ነው። ፌስቡክ፣ ቲክቶክ፣ ቴሌግራምና ዩቲዩብ እስከ ሐምሌ ተዘግተው ሲከርሙ፣ ቡታጅራ ላይ ባጃጅ የሚነዳው ልጅ እንኳ ተሳፋሪ እስኪሞላለት ድረስ የፕሮክሲ ሊንክ ለጓደኞቹ ያድል ነበር። ቴሌግራም ቦታውን ራሱ አዘጋጅቷል፤ ሰርቨሩን፣ ፖርቱንና ቁልፉን ሞልተህ መውጣት ነው። ሂሳብ የሚባል ነገር የለም። ቢበዛ ፕሮክሲውን የከፈተው ሰው የሚያስተዋውቀው ቻናል ከላይ ጉብ ብሎ ይጠብቅሃል፤ አይተህ እንዳላየህ ታልፈዋለህ።

እኔ ደግሞ ፕሮግራመር ነኝ። ባጃጅ ነጂው በነፃ ያገኘውን በዶላር እንድገዛ የተፈረደብኝ ማለት ነው።

የምሠራው ወልቂጤ ነው። መሥሪያ ቤታችን ያለችውን አንድ መስመር ለሁላችን ስለሚያብቃቃ፣ ኮምፒውተሮቹ ሁሉ ወደ ውጭ የሚወጡት በፕሮክሲ በኩል ነው። የጠየቅነውን ገጽ እሱ ያመጣል፤ ማን የት እንደገባ ይመዘግባል፤ ፊልም ለሚያወርድ ፊት ይነሳል። ታዲያ ፕሮግራሞች እርስ በርስ የሚነጋገሩበትን ኤፒአይ የምፈትሽበት ሶፍትዌር አንድ ቀን ራሱን አደሰና፣ የፕሮክሲው አድራሻና ፖርት የሚሞሉባቸው ሁለት ሳጥኖች ደብዘዝ ብለው፣ ጎናቸው ላይ የቁልፍ ሥዕል ለጥፈው ጠበቁኝ። ብነካቸው ለድርጅት ደንበኞች ብቻ ናቸው አለኝ። ክፍያው በወር፣ በነፍስ ወከፍ።

ምሳ የምንበላበት ክትፎ ቤት ባለቤት፣ እትዬ የምንላቸው፣ ፊቴን አይተው ምን ሆንክ አሉኝ። ነገርኳቸው።

«መስመሩ የማነው?»

«የመሥሪያ ቤቱ።»

«ፕሮክሲ ያልከውስ?»

«እሱም የመሥሪያ ቤቱ።»

«ታዲያ ልጄ፣ እነሱ ምኑን ነው የሚሸጡልህ?»

«አድራሻውን የምጽፍበትን ቦታ።»

እትዬ ቢላቸውን አስቀመጡ። «እኔም ከነገ ጀምሮ ክትፎውን በነፃ፣ ቆጮውን በዶላር ላብላ!»

የባለሶፍትዌሮቹ ሂሳብ ግን ይገባኛል። በነሱ አገር ፕሮክሲ የሚያስቸግረው የባንክና የትልልቅ ኩባንያ ሠራተኛን ነው፤ ስለዚህ ፕሮክሲ ያለ ሁሉ ኪሱ ወፍራም ነው ብለው ደመደሙ። እዚህ ፕሮክሲ የሚተከለው መስመር ስላጠረ መሆኑን ማን ይንገራቸው? እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው፣ በጽሑፍ ትእዛዝ ብቻ የሚሠራው ከርል የሚባል መሣሪያ እኮ ፕሮክሲን በአንዲት ሰረዝና በአንዲት ፊደል ይቀበላል፣ ያውም በነፃ። እኔም በሱ ብቻ መሥራት በቻልኩ ነበር፤ አለቃዬ ግን ባለቀለም መስኮት ካላዩ ሥራ የተሠራ አይመስላቸውም።

ልክፈል ቢሉስ በምን? ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር በሐምሌ 2016 ከተለቀቀ ወዲህ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ገንዘቡ ቢገኝ እንኳ ኪሴ ያለው የባንክ ካርድ ወልቂጤ ካለው የገንዘብ ማሽን ወዲያ አያውቅም። በመጨረሻ ሜሪላንድ ያለውን የአክስቴን ልጅ ለመንኩት። ፕሮክሲ ምን እንደሆነ ሳያውቅ፣ «የትምህርት ቤት ክፍያ ነው አይደል?» ብሎ ከፈለልኝና የፈቃድ ቁጥሩን ላከልኝ። በቴሌግራም።

ቁጥሩን አስገባሁ። ሶፍትዌሩ ጥቂት አሰበና እንዲህ አለኝ፦ «ፈቃድዎን ለማረጋገጥ ከኢንተርኔት ጋር መገናኘት አልተቻለም። እባክዎ በቅድሚያ የፕሮክሲ አድራሻዎን ያስገቡ።»